ቀለሙ የት ሄደ? የፋብሪካ ፍሳሽን በጨረርና በገለፈት ስለማጣራት

ጠላ የጠለለ ሰው ማጥለል ማጥፋት እንዳልሆነ ያውቃል። ጥሩው በአንድ ዕቃ ይወርዳል፣ አተላው በሌላ ዕቃ ይቀራል፤ ሁለቱ ቢደመሩ ከጋኑ የወጣውን ያህል ነው። የጠላ አተላ ለከብት ይሆናል። የፋብሪካ ፍሳሽ አተላ ግን ለማንም አይሆንም። ስለዚህ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ወይም የቆዳ ፋብሪካ «ፍሳሼን አጣርቻለሁ» ሲል እኔ ቀድሜ የምጠይቀው የውሃውን መጥራት ሳይሆን ከውሃው የወጣው ነገር የት እንደገባ ነው። ጨረርና ገለፈት (ውሃን አሳልፎ ሌላውን የሚያስቀር ስስ ንጣፍ) የተባሉትን ሁለት የማጣሪያ መንገዶች ለመረዳትም ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላገኘሁም።

የጥጥ ጨርቅ ማቅለም ውሃ ጠጪ ሥራ ነው። አንድ ኪሎ ጨርቅ ታጥቦ፣ ነጥቶ፣ ተቀልሞ፣ እንደገና ታጥቦ እስኪወጣ ድረስ 100 ሊትር ውሃ መፍጀቱ የተለመደ ነው፤ ከዚያ የሚበልጥበትም ጊዜ ብዙ ነው። ዛሬ ለጥጥ በብዛት የሚያገለግሉት ሪአክቲቭ የሚባሉት ማቅለሚያዎች ሲሆኑ፣ ለገበያ የቀረቡት ከ1956 ጀምሮ ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከጥጡ ክር ጋር በኬሚካል ስለሚጣመሩ በእጥበት አይለቁም። ሆኖም ሁሉም ክሩን አያገኝም። ከፊሉ በክሩ ፋንታ ከውሃው ጋር ይጣመርና ጨርቁን የመያዝ አቅሙን አጥቶ ከእጥበቱ ጋር ይወጣል። ቀለሙ ወደ ክሩ እንዲጠጋ ደግሞ በማቅለሚያው ውስጥ በአንድ ሊትር ከ30 እስከ 100 ግራም ጨው ይጨመራል። ጨው ጨርቁ ላይ አይቀርም፤ የገባው በሙሉ ይወጣል። ይህን ጨው አንባቢ በአእምሮው ይያዝልኝ፤ እንመለስበታለን።

የቀለሙን ክፋት የሚያባብሰው መልካምነቱ ነው። ፀሐይ የማያፈዝዘው፣ ሳሙና የማያስለቅቀው፣ ላብ የማያበላሸው ቀለም ለማግኘት ኬሚስቶች ከ1850ዎቹ ጀምሮ ደክመዋል፤ ተሳክቶላቸዋልም። በሸሚዝ ላይ የምናመሰግነው ይኸው ጽናት ወንዝ ውስጥ ሲገባ መርገም ይሆናል። ፀሐይ ያላፈዘዘችውን ቀለም ባክቴሪያም በቀላሉ አይበላውም።

የተለመደው ማጣሪያ ጣቢያ በሁለት ነገር ይሠራል። በመጀመሪያ እንደ አልሙኒየም ሰልፌት ያለ ኬሚካል ተጨምሮ ደቃቁ ቆሻሻ እየተጓጎለ ይዘቅጣል። በገጠር ድፍርስ ውሃ ለማጥራት የሽፈራው ፍሬ ተወቅጦ ሲጨመር የሚሆነው ከዚህ አይለይም። ቀጥሎ አየር በሚነፋበት ገንዳ ውስጥ ባክቴሪያዎች የሚበላውን ይበላሉ። መንገዱ ርካሽና የተፈተነ ነው፤ ቀለሙን ግን ባብዛኛው ወደ ዝቃጭ ያዛውረዋል፣ የቀረው ደግሞ ሳይበላ ያልፋል። ዝቃጩ ተጭኖ አንድ ቦታ ይደፋል። ያ ቀለም እንግዲህ ቦታ ለወጠ እንጂ አልጠፋም።

ጨረር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ጨረር አያዛውርም፤ ይሰብራል።

ለዚህ ሥራ የሚውለው መሣሪያ የኤሌክትሮን ማፍጠኛ ይባላል። አሠራሩ የድሮውን ባለ ሆዱ ቴሌቪዥን የሚያውቅ ሰው የሚረዳው ነው። በዚያ ቴሌቪዥን ውስጥ ከኋላ የተነሡ ኤሌክትሮኖች በኤሌክትሪክ ኃይል እየተገፉ ከፊት ያለውን መስተዋት ይመቱና ምስል ይፈጥራሉ። ቴሌቪዥኑ የሚገፋቸው በ25,000 ቮልት ገደማ ነበር፤ የፍሳሽ ማጣሪያው ማፍጠኛ ግን በ1 ሚሊዮን ቮልትና ከዚያ በላይ ይገፋቸዋል። በዚህ ፍጥነት ከአየር አልባው ቱቦ ስስ የታይታኒየም ወረቀት በስተው ይወጡና ውሃው ላይ ይዘንባሉ።

ብዙ ሰው ጨረሩ ቀለሙን በቀጥታ የሚያቃጥለው ይመስለዋል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ፍሳሽ ምንም ቢቆሽሽ አብዛኛው ክፍሉ ውሃ ስለሆነ ኤሌክትሮኖቹ የሚያገኙት ውሃውን ነው። የተመታው የውሃ ሞለኪዩል ይሰነጠቃል፤ ከስንጥቁም ሁለት ኃይለኛ ነገሮች ይወለዳሉ። አንደኛው ሃይድሮክሲል ራዲካል ይባላል፤ ካገኘው ሁሉ ኤሌክትሮን የሚነጥቅ ነው። ሁለተኛው ውሃ ከቦት የሚንሳፈፍ ነጻ ኤሌክትሮን ነው፤ እሱ ደግሞ ላገኘው ሁሉ ይሰጣል። እንደ ኦዞን ባሉ ሌሎች መንገዶች የሚገኘው ነጣቂው ብቻ ነው። ጨረር ሁለቱንም በአንድ ጊዜ፣ በተቀራራቢ መጠን፣ ምንም ኬሚካል ሳይጨመር ከራሱ ከውሃው ያወጣቸዋል። ይህ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል፤ ማጽጃው ከሚጸዳው ውሃ ውስጥ ይፈልቃል። ዕድሜያቸው ከሰከንድ ሚሊዮንኛ እጅ ብዙም አይርቅም። በዚያች ቅጽበት ከቀለሙ ሞለኪዩል ጋር ከተገናኙ ቀለሙን ቀለም ያደረገውን ማሰሪያ ይበጥሱታል። ብዙዎቹ ማቅለሚያዎች አዞ የሚባል፣ በሁለት የናይትሮጅን አተሞች የተሠራ ማሰሪያ አላቸው፤ እሱ ሲበጠስ ቀይ ወይም ሰማያዊ የነበረው ውሃ ይጠራል።

ጠራ ማለት ግን ነጻ ሆነ ማለት አይደለም። ማሰሪያው የተበጠሰ ቀለም ወደ ትናንሽ ቁርጥራጮች ይለወጣል፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ አሮማቲክ አሚን የሚባሉት፣ ከቀለሙ የባሰ መርዝ ሊሆኑ ይችላሉ። ታዲያ እነሱም እስኪጠፉ ድረስ ለምን አይጨረርም? ቀላል ስሌት መልሱን ይሰጣል። የጨረር መጠን በግሬይ ይለካል፤ 1 ኪሎግሬይ ማለት እያንዳንዱ ኪሎ ውሃ 1,000 ጁል ጉልበት ተቀበለ ማለት ነው። ይህ ውሃውን በዲግሪ ሩብ ያህል እንኳ አያሞቀውም። በዚህ መጠን በአንድ ሊትር ውስጥ 0.28 ሚሊሞል (ሞል የሞለኪዩሎች ብዛት መለኪያ ነው) ገደማ ሃይድሮክሲል ራዲካል ይፈጠራል። በሊትር 50 ሚሊግራም ቀለም ቢኖር፣ የሞለኪዩል ክብደቱም 600 ቢሆን፣ ለእያንዳንዱ የቀለም ሞለኪዩል የሚደርሱት ሦስት ራዲካሎች ናቸው። ሦስት ምት ማሰሪያ ለመበጠስ ይበቃል። በደርዘን የሚቆጠሩ ካርቦኖች ያሉትን ሞለኪዩል ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለመለወጥ ግን ፈጽሞ አይበቃም። በዚያ ላይ በፍሳሹ ውስጥ ያለው ካርቦኔትና ሌላው ቆሻሻ ከራዲካሎቹ ይሻማል።

ስለዚህ ብልህ መሐንዲስ ጨረሩን ብቻውን አያሠራውም። ጨረሩ ይሰባብራል፣ ባክቴሪያው የተሰባበረውን ይበላል። ድርቆሽ የሚከታትፍ ሰውና ድርቆሹን የሚበላ በሬ እንደማለት ነው። የደቡብ ኮሪያዋ ዴጉ ከተማ ይህን በተግባር አሳይታለች። ከመቶ በላይ የማቅለሚያ ፋብሪካዎች በአንድ ሰፈር ተሰባስበው ፍሳሻቸውን በጋራ በሚያጣሩበት በዚህ ቦታ፣ በ1998 በቀን 1,000 ሜትር ኩብ የሚይዝ የሙከራ ጣቢያ ተከፈተ። በ2005 ደግሞ በቀን 10,000 ሜትር ኩብ የሚያስተናግድ፣ 400 ኪሎዋት ኃይል ያለው ማፍጠኛ ሥራ ጀመረ። ጨረሩ የተቀመጠው ከባክቴሪያው ገንዳ በፊት ነበር፤ ውሃው በገንዳው ውስጥ መቆየት የሚያስፈልገው ጊዜም በግማሽ ያህል አጠረ።

በዴጉ የተፈታው ሌላው ችግር ውሃውን ማቅረብ ነው። የ1 ሚሊዮን ቮልት ኤሌክትሮን ውሃ ውስጥ የሚዘልቀው ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ጥልቅ ገንዳ ላይ ቢተኮስ ላዩን ብቻ ነክቶ ይቀራል። ስለዚህ ውሃው በሰፊና ቀጭን አፍንጫ ተገፍቶ እንደ ተዘረጋ ሸማ ስስ ሆኖ ከጨረሩ ሥር በፍጥነት ያልፋል። ሥራው የሚጠናቀቀው በዚያች ቅጽበት ነው።

ቻይና ቅደም ተከተሉን ለውጣዋለች። በ2017 በጂንሁዋ ከተማ የመጀመሪያውን ጣቢያ ከፍታ፣ በ2020 በጓንግዶንግ ግዛት በሚገኘው የጓንሁዋ የሹራብ ጨርቅ ፋብሪካ በቀን 30 ሚሊዮን ሊትር የሚያስተናግድ፣ በዓለም ትልቁን ጣቢያ አስመረቀች። በዚህኛው ጨረሩ የሚመጣው ከባክቴሪያው በኋላ ነው፤ ባክቴሪያ የሚችለውን በርካሽ ከበላ በኋላ ጨረሩ እምቢ ያለውን ብቻ ይመታል። ጣቢያው በዓመት 4.5 ቢሊዮን ሊትር ንጹሕ ውሃ እንደሚቆጥብ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አስታውቋል። በፊት ይሁን ወይስ በኋላ የሚለው የእምነት ጉዳይ አይደለም፤ ፍሳሹ ራሱ የሚወስነው ነው።

በዚህ ርዕስ ላይ ሁልጊዜ የሚነሣውን ፍርሃት በቀላሉ ማለፍ አይገባም። ጨረር የነካው ውሃ ራሱ ጨረር ይረጫል? አይረጭም። ኤሌክትሮን አንድን ነገር ጨረር አመንጪ የሚያደርገው የአተሙን አስኳል የመነካካት ጉልበት ሲኖረው ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ ለምግብ የተፈቀደው የኤሌክትሮን ጉልበት ጣሪያ 10 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት (በ10 ሚሊዮን ቮልት የተገፋ ኤሌክትሮን የሚያገኘው ጉልበት) ሲሆን፣ የፍሳሽ ማፍጠኛዎች የሚሠሩት ከዚያ እጅግ ዝቅ ብለው ነው። ማፍጠኛ እንደ ኮባልት 60 ቀንና ሌሊት የሚያበራ ቁስም የለውም፤ ማብሪያው ሲጠፋ ጨረሩ ይጠፋል። አደጋው ያለው ለሠራተኛው ነው። መሣሪያው በሚሠራበት ጊዜ ኤክስሬይ ስለሚፈጠር በወፍራም የኮንክሪት ግድግዳ መከለል አለበት፤ በአየሩ ውስጥ ኦዞን ስለሚፈጠርም ክፍሉ በደንብ መተንፈስ አለበት። ይህን የሚቆጣጠር የሠለጠነ ሰውና ሥራውን የሚያከብር መሥሪያ ቤት ከሌለ መሣሪያውን አለማስገባት ይሻላል።

በእኛ አገር ጨረር ለሥራ መዋሉ አዲስ አይደለም። የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኮባልት ጨረር የካንሰር ሕሙማንን ሲያክም ኖሯል። በቃሊቲ ደግሞ የገንዲ በሽታን የሚያስተላልፈውን የቆላ ዝንብ ለመቀነስ ወንዶቹ ዝንቦች በጋማ ጨረር ይመክናሉ። የአቃቂ ወንዝ ከዚያ ግቢ ሩቅ አይደለም።

አሁን ወደ ጨው እንመለስ። ጨረር በጨው ላይ ምንም ማድረግ አይችልም፤ ጨው የሚበጠስ ማሰሪያ ያለው ትልቅ ሞለኪዩል አይደለም። ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግለው ክሮም የተባለው ብረትም እንዲሁ ነው። ጨረር መርዘኛውን ስድስት ቫለንስ ክሮም ወደ ሦስት ቫለንስ ሊቀይረው ይችላል፣ ብረትነቱን ግን አያጠፋም። ቀለሙ የጠፋ፣ ሽታው የለቀቀ፣ ነገር ግን ጨዋማ የሆነ ውሃ እርሻ ላይ ቢለቀቅ አፈሩን ቀስ በቀስ ያመክነዋል። ጨው ከውሃ የሚለየው በገለፈት ነው።

ገለፈት ሲባል ወንፊት ማሰብ መነሻ ይሆናል። ቀዳዳው ሰፋ ያለው ባክቴሪያን ያስቀራል፤ ጠበብ ያለው ቫይረስንና ትላልቅ ሞለኪዩሎችን፤ ናኖ የሚባለው ቀለምን አስቀርቶ የገበታ ጨውን ባብዛኛው ያሳልፋል። የመጨረሻው፣ ሪቨርስ ኦስሞሲስ ወይም የተገላቢጦሽ ኦስሞሲስ የሚባለው፣ ቀዳዳ አለው ለማለት እንኳ ያስቸግራል፤ ውሃው በፕላስቲኩ አካል ውስጥ ሰርጎ ነው የሚያልፈው። ኦስሞሲስን እያንዳንዱ ማጀት ያውቀዋል። ቋንጣ ሲዘለዘልና ጨው ሲነሰነስበት ሥጋው ውሃውን ያወጣል፤ ጨው ያለበት ወገን ውሃን ይስባል። የፍሳሹን ጨው ለመለየት የምንፈልገው ተቃራኒውን ነው፤ ውሃው ከጨዋማው ወደ ንጹሑ እንዲሄድ። ተፈጥሮ በራሷ ይህን ስለማታደርግ በፓምፕ መግፋት የግድ ነው። ለባሕር ውሃ ከአየር ግፊት 60 እጥፍ ገደማ ያስፈልጋል፤ ለተለመደ ፍሳሽ ያነሰ። ለፋብሪካ የሚሆን ገለፈት የተገኘው በ1960 አካባቢ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ፣ በሲድኒ ሎብና በስሪኒቫሳ ሱሪራጃን እጅ ነው። የዛሬው 20 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 1 ሜትር ርዝመት ባለው ጥቅል ውስጥ 37 ካሬ ሜትር ገለፈት የተጠቀለለበት ሲሆን፣ ጨውን የሚከለክለው ንጣፍ ከፀጉር ውፍረት ብዙ መቶ ጊዜ ይሳሳል።

ይህን ያህል ስስ ነገር በቀላሉ ይደፈናል። በፍሳሹ ያሉት ትላልቅ ሞለኪዩሎች ይለጠፉበታል፤ ባክቴሪያ ይራባበትና ዝልግልግ ልባስ ይሠራበታል። ባክቴሪያውን በክሎሪን እንግደለው እንዳይባል ፖሊአሚድ የተባለው የገለፈቱ ቁስ ክሎሪንን አይችልም፤ ይበሰብሳል። ሁለቱ መንገዶች የሚደጋገፉት እዚህ ነው። ቀድሞ የሚመጣው ጨረር ባክቴሪያውን ይገድላል፣ ትላልቆቹንም ሞለኪዩሎች ይሰባብራል፣ ክሎሪንም አይተውም። ነገር ግን ይህ በዘፈቀደ አይገኝም። በግማሽ የተሰበሩ ሞለኪዩሎች ለባክቴሪያ የሚመቹ ምግቦች ስለሆኑ፣ በመካከል የሚበላቸው ገንዳ ከሌለ ገለፈቱ ላይ ለሚራቡት ቀለብ ማቅረብ ይሆናል። መጠኑና ቅደም ተከተሉ በዚያው ፋብሪካ ፍሳሽ መፈተን አለበት፤ ከሌላ አገር የተገለበጠ ንድፍ አያዋጣም።

በነገራችን ላይ ጨረር ለገለፈት ያለው ውለታ ማጽዳት ብቻ አይደለም። አንዳንድ የላቦራቶሪ ማጣሪያዎች ራሳቸው በጨረር የተበሱ ናቸው። ከባድ አተሞች በማፍጠኛ ተገፍተው በስስ ፕላስቲክ ውስጥ ያልፋሉ፤ እያንዳንዱ አተም ያለፈበትን ፋና በኬሚካል ማስፋት ስለሚቻል፣ ክብና እኩል ቀዳዳዎች ያሉት ወንፊት ይወጣል።

ገለፈቱ ሥራውን በደንብ ሲሠራ ነው የመጀመሪያው ጥያቄ ተመልሶ የሚመጣው። ከመቶ እጅ ሰባው ንጹሕ ሆኖ ቢያልፍ፣ የቀረው ሠላሳ ጨውን ሁሉ ተሸክሞ ይቀራል። አተላው ይህ ነው። ለወንዝ አይለቀቅም፤ ከመጀመሪያው ፍሳሽ ከሦስት እጥፍ በላይ ጨዋማ ነው። የሚቀረው ማትነን ነው፤ ማትነን ደግሞ ውድ ነው። ለአንድ ሜትር ኩብ ውሃ 1 ኪሎግሬይ ጨረር መስጠት በንድፈ ሐሳብ 0.28 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ የማሽኑ ብክነት ሲታከል ከዚያ ይበልጣል። በገለፈት መግፋት ጥቂት ኪሎዋት ሰዓት ነው። ያንኑ አንድ ሜትር ኩብ አፍልቶ ማትነን ግን 630 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሙቀት ይጠይቃል። ጥሩ ማትነኛዎች አንዱን እንፋሎት ደጋግመው ስለሚጠቀሙበት ወጪው ይቀንሳል፤ ቢሆንም ከሌሎቹ ጋር የሚወዳደር አይደለም። በገለፈት አስቀድሞ መጠኑን ማሳነስ ትርፉ እዚህ ላይ ይታያል።

በሐምሌ 2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ይህን መንገድ የያዘ ነው። በቀን 11,000 ሜትር ኩብ የሚይዘው የጋራ ማጣሪያው ጠብታ ወደ ውጭ እንዳይለቅ ሆኖ ነው የታቀደው፤ በባክቴሪያ፣ በገለፈትና በማትነኛ ይሠራል፣ ጨረር የለበትም። ለሐዋሳ ይህ ጥንቃቄ ቅንጦት አልነበረም። ሐይቁ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ የገባበት ጨውና ቀለም መውጫ የለውም።

ለሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች፣ ለኮምቦልቻና ለአቃቂ የኤሌክትሮን ማፍጠኛ ይምጣ ብዬ ግን አሁን አልከራከርም። ማፍጠኛ የማይቆራረጥ ኤሌክትሪክ፣ መለዋወጫና ባለሙያ ይፈልጋል፤ ለአንድ ፋብሪካ ብቻም አያዋጣም፣ የዴጉን የመሰለ የጋራ ጣቢያ ይጠይቃል። ከዚያ በፊት የተለመደው ጣቢያ የአየር መንፊያ ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ መሥራት አለበት። ባክቴሪያው የሞተበትን ገንዳ ጨረር አያድነውም። ጊዜው ሲደርስ ግን ስለ ጨው አስቀድመው የተጨነቁትን ማየት ይጠቅማል።

የሕንዷ ቲሩፑር የሹራብና የካናቴራ ከተማ ናት። የፋብሪካዎቿ ጨውና ቀለም ኖዪያል በተባለው ወንዝ ወርዶ፣ ለመስኖ ተብሎ የተሠራውን የኦራቱፓላያም ግድብ የፍሳሽ ማከማቻ አደረገው። ገበሬዎቹ ከሰሱ። በጥር 2011 የማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በመቶዎች የሚቆጠሩ የማቅለሚያ ፋብሪካዎች አንድም ጠብታ ሳይለቁ መሥራት እስኪችሉ ድረስ እንዲዘጉ አዘዘ። ሲከፈቱ ገለፈትና ማትነኛ ተክለው ነበር። ከዚያ ሥራ ትልቁ ትምህርት የተገኘው ከጨው ነው። ናኖው ገለፈት ቀለሙን አስቀርቶ ጨዋማውን ውሃ ሲያሳልፈው፣ ያ ውሃ ተመልሶ ወደ ማቅለሚያ ገንዳው ይገባል፤ ፋብሪካውም በዚያው መጠን አዲስ ጨው ከመግዛት ይድናል። ተለይቶ የወጣው ሶዲየም ሰልፌት የተባለው የማቅለሚያ ጨውም እንደዚሁ ተመልሶ ይሠራበታል። መልሶ መጠቀም ያልተቻለው፣ ልዩ ልዩ ጨዎች ተቀላቅለው የደረቁበት ቅሪት ግን በከረጢት እየታሰረ መጋዘን ውስጥ ይከመራል፤ ዝናብ እንዳይነካውም ጣሪያ ያስፈልገዋል።